ሁለተኛው ወፍ

ሁለተኛው ወፍ ጆሮ ነበረው።

አራሚዋ ይህን ያየችው የሻለቃው ፈረሰኛ ጥቅሉን ተቀብሎ፣ ኮርቻው ላይ በተንጠለጠለው የቆዳ ኪስ ከትቶ ከጋለበ በኋላ ነው። ፈረሱ ያስነሣው አቧራ ገና መንገዱ ላይ አልረጋም። ለቤት ያስቀሩትን የፎቶ ቅጂ ከገመዱ አውርዳ፣ ጠርዙ እንዳይጠቀለል በመዳፏ ስትደለድለው፣ ዓይኗ ከሽመላዋ ጎጆ ጀርባ ሸምበቆው መሐል ተተክሎ ቀረ።

እዚያ ነጣ ብሎ የሚታየውን ነገር ትናንት ወንዱ ሽመላ ነው ብላው ነበር። ሴቷ ከፊት እንቁላሏን ታቅፋ፣ ባሏ ከኋላ ዘብ ቆሞ። ደስ ይላል፤ ትዳር ይመስላል። ግን ወፍ ከራሱ ገንጠል ብሎ የቆመ ጆሮ ከየት ያመጣል?

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ጆሮ ነው። ከጆሮው ቀጥሎ ጉንጭ፤ ከጉንጩ በላይ ትክ ብሎ የሚያያት ዓይን።

ያንን ጆሮ ታውቀዋለች። አዋላጇ ልጁን ተቀብላ ገና እትብቱን ሳትቆርጥ፣ «ይሄንንስ ነፋስ እንዳይወስድብሽ ከአልጋው እሰሪው» ብላ የሳቀችበት ጆሮ ነው።

ሥራዋ ማረም ነበር። ባሏ ፎቶ አንሺ ነው፤ የሚያነሣው ምስል መስታወት ላይ ሲያርፍ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል። አቧራ የበላውን፣ መድኃኒቱ በደንብ ያልያዘውን ቦታ እሷ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ትነካካዋለች፤ እርሳሷ ያረፈበት ሁሉ ወረቀት ላይ ሲታተም ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ትናንት ሸምበቆው መሐል ያንን ደብዛዛ ነገር ስታይ፣ ሻለቃው የወፍ ላባ አንድ በአንድ የሚመረምር ሰው መሆኑ ትዝ ብሏት፣ ወንዱ ይጉላ ብላ ቁጭ ብላ አበራችው። የገዛ ልጇን ፊት ከተደበቀበት አውጥታ፣ አሳምራ፣ ለሻለቃው ላከችለት።

ከተማይቱን የያዘው ጦር ለግንባር የሚሆን ወጣት ከየቤቱ ሲያፍስ ልጃቸውንም አፍሶት ነበር። ልጁ ግን ከጦር ሰፈሩ ጠፋ። ከሰፈር ጠፍቶ የተያዘ ሰው ገበያው ጥግ ካለው ግንብ ሥር ይቆማል፤ ግንቡ በጥይት ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። እሷ ቅጠል ስትገዛ እንኳን ወደዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ነው። ባሏ አንድ ቀን መጥቶ፣ «በቃ፣ ከነጋዴዎች ጋር ወንዙን ተሻግሯል» ባላት ጊዜ መሬት ላይ ተደፍታ አልቅሳ ነበር። ያም ሆኖ አላመነችም። ደግ ወሬ አታምንም። ልጁ ሕፃን ሳለ ካስነጠሰ ሳንባው ነው፣ ከዘገየ ውኃ ወስዶታል ትል ነበር። ባሏ፣ «ክፉ ነገር ገና ሳይነሣ አንቺ ወንበር ስበሽ ትጠብቂዋለሽ» እያለ ይቀልድባታል።

ባሏ ፎቶ የሚያጥብበትን ጨለማ ክፍል ሳታንኳኳ ከፈተችው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አድርጋው አታውቅም።

«ዝጊው! መስታወቱን በብርሃን አቃጠልሽው እኮ!»

«ይቃጠል!» ወረቀቱን አፍንጫው ሥር ዘረጋችው። «ይሄ ማነው?»

ፎቶ አንሺው በመድኃኒት የጠቆሩ ጣቶቹን ሸሚዙ ላይ ጠርጎ አየ። አየና የተገለበጠው ባልዲ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ወንዙን ተሻገረ ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«እንቅልፍ እንዲወስድሽ ብዬ ነው።»

«ተኝቼ አየኸኝ?»

ነገሩ አሁን ገባት። ሻለቃው የያዘውን አገር ወፍና ዕፅዋት፣ ኮረብታና ውኃ በፎቶግራፍ አስነሥቶ በአልበም ሊያስጠርዝ ይፈልጋል፤ ወፎቹ እንዳይበረግጉበት ብሎ ረግረጉን ለሰው ሁሉ ዘግቶ የይለፍ ወረቀት የሰጠው ለባሏ ብቻ ነው። ወታደር እንኳን አይረግጠውም። ባሏ የሻለቃውን ካሜራ ተሸክሞ፣ ከካሜራው ሣጥን ሥር ዳቦ ደብቆ፣ በየቀኑ ልጁን ሲቀልብ ከርሟል።

«አላየሁትም» አለ ፎቶ አንሺው። «ጥቁሩ ጨርቅ ሥር ስትገቢ ሁሉም ነገር ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። እኔ ዓይኔ ወፏ ላይ ነበር። ይዤለት የሄድኩትን በልቶ ከጎጆው ወዲያ ተኝቷል ብዬ…»

«ቀና ብሎ ሲያይህ ነበራ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ይነቃነቃል። ተነቃንቆ ፎቶው ላይ ጭስ ሆኖ ይቀራል፤ ማንም አይለየውም።» በጠቆረ ጣቱ ያንን ጆሮ ነካ። «የኛ ልጅ የሌንሱ ክዳን ሲነሣ አየ፤ አየና ትንፋሹን ዋጠ።»

አራሚዋ አፏን በእጇ ያዘች። ገና በዳዴ ሳለ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ክዳኑ ተነሥቶ እስኪመለስ እንዳትነቃነቅ፣ ዓይንህን እንዳታርገበግብ፣ ሐውልት ሁን። ልጃቸው ከልጆች ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ አስቀምጠው ያሳዩበት ነበር። ከወታደር ተደብቆ እንኳን አልረሳውም።

«ሻለቃውስ እስካሁን አይቶት ይሆን?» አለች።

«ምሳውን ሳይበላ አያየውም። ልማዱ ነው።» ፎቶ አንሺው ተነሣ። «እኔ ወደ ረግረጉ ልሂድ። ካሜራውን ይዤ ከሄድኩ ማንም አይጠይቀኝም። ለዓይን ሲይዝ በጓሮ በር እንዲመጣ እነግረዋለሁ፤ እዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ እናቆየዋለን። በሩን አትቀርቅሪው።»

«እኔ ፎቶውን አመጣዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«አልታጠበም እላለሁ። በደንብ ያልታጠበ ፎቶ ይበልዛል፤ ይሄንን እሱም ያውቃል።»

ባሏ የካሜራውን ሣጥን ትከሻው ላይ እያደረገ ዞሮ አያት። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ አልወጣለትም።

ብሩሾቿን፣ የቀለም ጠርሙሷንና ወረቀት መቁረጫ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ ነጠላዋ ሥር ያዘች። መንገዱ ላይ መሮጥ አልደፈረችም፤ የሚሮጥ ሰው ያስጠረጥራል። ቢሆንም ልቧ ከፊቷ ይሮጥ ነበር። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ወታደሮች ተሰልፈው ወደ ረግረጉ ሲወርዱ የምታይ ይመስላታል። ያገኘችው ግን አንድ ጋሪ ነጂና ጫማውን ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰልካካ ዘበኛ ብቻ ነው። ይህ ጭርታ ይብስ አስፈራት። አንጥረኛው ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ፣ «የት ነው እንዲህ በጥድፊያ?» አላት። «ሥራ» አለችው። እግሯን ሳታቆም አለፈችው።

ሻለቃው የሚሠራበት ክፍል ግድግዳው ሁሉ በባሏ ሥራ ተሸፍኗል። ጭጋግ የከበበው ኮረብታ አለ፤ ጠል ያረፈበት እንሶስላ አለ፤ ክንፉን ለማድረቅ እንደ ተሰቀለ ሰው የዘረጋ የውኃ ወፍ አለ። መስኮቱ ሥር፣ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ የዛሬው ጥቅል ተፈትቶ ተዘርግቷል። የሻለቃው ምሳ ከነክዳኑ በጎን ቀዝቅዟል።

እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ነው። የዛሬው ፎቶ ሳይታጠብ ተልኳል። እንዲሁ ከተተወ ይበልዛል።»

«እኔም ላስጠራሽ ነበር» አለ ሻለቃው። ማጉያ መነጽሩን ከወረቀቱ ላይ ሳያነሣ ነው የተናገረው። «ነይ እስቲ። ቀረብ በይ።»

ቀረበች። በመነጽሩ ውስጥ የልጇ ግንባር የሳንቲም ያህል ሆኖ ታያት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኔ ጥፋት ነው ጌታዬ።» ይህ እንኳን እውነት ነበር፤ እውነት በመሆኑም ሳትንተባተብ ወጣላት። «መስታወቱ ላይ ጠባሳ ነበር። ወንዱ ሽመላ መስሎኝ በእርሳስ አጎላሁት።»

«ወንዱ ሽመላ።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ጠባሳ ዓይን ያበቅላል እንዴ?»

«እጅ አመል አለው ጌታዬ። ስንት ዘመን የሰው ፊት ሳርም የኖርኩ ነኝ። ክብ ነገር ካየሁ እጄ ሳላዝዘው ዓይንና አፍ ይሠራለታል።»

ሻለቃው መነጽሩን አስቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ። ቁጣ የለበትም። ወፍ የሚመለከትበት አስተያየት ነበር፤ ሳይቸኩል፣ ሳያስበረግግ።

«እንግዲያው አርሚው» አለ።

«ቤት ወስጄ…»

«እዚሁ። እኔም ሙያሽን ልይ።»

ወንበር ሳበላት። ጨርቋን ፈታች፤ ቀለሙን በምራቋ አርሳ፣ ከሸምበቆው ጥላ ጋር እስኪመሳሰል ጥፍሯ ላይ ሞከረችው። ከዓይኑ ጀመረች። የሞተ ሰው ዓይን እንደሚከደን ከደነችው። ከዚያ በግንባሩ ላይ አንድ ሸምበቆ አወረደች፤ በጉንጩ ላይ ሌላ። ብሩሿ በነካ ቁጥር ልጇ ትንሽ በትንሹ ይጠፋል። ያዘዘቻት አንዲት ሐሳብ ብቻ ነበረች፤ አትንቀጥቀጪ።

«እጅሽ ጽኑ ነው» አለ ሻለቃው ከጀርባዋ።

«ሥራዬ ነው ጌታዬ።»

«ልጅሽስ? ከጠፋ ወዲህ ወሬ አለው?»

ብሩሹ ጆሮው ላይ ነበር።

«የለውም ጌታዬ።» እዚያ ላይ የወረደችው ሸምበቆ ከሌሎቹ ወፈር አለች።

«እናት አይቆርጥላትም» አለ ሻለቃው፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። ወረቀቱን አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ሽመላዋ ብቻዋን እንቁላሏን ታቅፋለች። ከኋላዋ ሸምበቆ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። «ድንቅ ነው። እኔ እንኳን አሁን የቱ ጋ እንደነበረ አላገኘውም።»

«ጌታዬ ከፈቀዱ ልሂድ።»

«ነገ ሲነጋ እኔ ራሴ ወደ ረግረጉ እወርዳለሁ። ያንን ጎጆ በዓይኔ ማየት አምሮኛል። ባልሽ ይመራኛል። የመሣሪያውን ሣጥን የሚያግዘው አንድ ሃምሳ አለቃ ዛሬ እሰዳለሁ፤ እናንተ ጋ አድሮ አብረው ይነሣሉ።»

«ቤታችን ጠባብ ነው ጌታዬ፤ ለእንግዳ የሚሆን…»

«አንድ ሰው ጎድሎባችሁ የለ?» አለ ሻለቃው። «የእሱ አልጋ ይበቃዋል።»

ስትወጣ እጅ መንሣቷን ረሳች። ሻለቃው ዐውቋል? ዐውቆስ ከሆነ ለምን አሁኑኑ ወታደር አይሰድም? ምናልባት ወፎቹ እንዳይበረግጉበት ይሆናል። ወይም ደግሞ ልጁ በራሱ እግር ከመደበቂያው እንዲወጣ ነው የሚጠብቀው። ይህ ሲታያት እግሯን አፈጠነች። እርማቱ ቀኑን በልቶት ጀምበር አዘቅዝቃለች። ወደ ቤት ሳትገባ በጓሮ ዞራ ረግረጉ መውረጃ ላይ ብትቆም ልጁን ከመንገድ ትመልሰው ይሆናል። ረግረጉም አይሆነውም፤ ነገ ሻለቃው እዚያው ነው። የቀረው ወንዙ ብቻ ነው።

«እናቴ! እናቴ፣ አንዴ ይቁሙልኝ!»

ዞር አለች። ጠብመንጃ ያነገተ፣ ብርድ ልብሱን በአንድ ትከሻው የጣለ ደንዳና ሰው እያለከለከ ይከተላታል።

«የፎቶ አንሺው ባለቤት እርስዎ ነዎት አይደል? እኔ እናንተ ጋ እንዳድር የታዘዝኩት ሃምሳ አለቃ ነኝ። ቤቱን ከምፈልግ አብረን እንሂድ፤ እግረ መንገዴንም ጥቅልዎን ልያዝልዎ።»

«ቀላል ነው ልጄ፤ አይከብደኝም» አለች። ልጄ ያለችው ሳታስበው ነው።

መንገዱን ሙሉ አወራላት። እግረኛ ወታደር ሆኖ ስንት ተራራ እንደወጣ፣ ወፍ ለማየት ብሎ የሚነሣ አዛዥ ግን ሲያይ ይሄ የመጀመሪያው እንደሆነ። «እኛ አገር ወፍ የሚያሳድደው የማሽላ ጠባቂ ነው» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሳቋ ለራሷ ጆሮ እንደ ተሰነጠቀ ገል ነበር።

ከቤት ሲደርሱ ፎቶ አንሺው ገና አልተመለሰም። ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጨለማ ክፍል ነው፤ ከኋላ ያለው ማብሰያ ክፍል በቀጥታ ወደ ጓሮ ያስወጣል። ሃምሳ አለቃው ማብሰያው ምድጃ ስላለው እዚያው ወንበር ስቦ፣ ፊቱን ወደ ጓሮው በር አዙሮ ተቀመጠ። ጠብመንጃውን ከጉልበቱ አጠገብ አስደገፈ። እሳቱን ደስ ብሎት ሞቀ።

«የፊተኛው ክፍል ይሻልሃል» አለችው። «እዚህ ጭስ ነው።»

«ጭስ ለምጃለሁ እናቴ።»

ብዙ ሳይቆይ የፊት በሩ ተከፈተና ፎቶ አንሺው ገባ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ፊቱ ላይ የጀመረው እፎይታ ነበር፤ ሃምሳ አለቃውን ሲያይ እዚያው ደረቀ።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ! ይኼን ሣጥን ነገ እኔ ነኝ የምሸከመው።»

«ሻለቃው ነገ ከአንተ ጋር ረግረጉ ይወርዳል» አለች አራሚዋ ቶሎ ብላ። «ሃምሳ አለቃው እኛ ጋ ያድራል።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ለመጠየቅ አልደፈረችም፤ ለመንገርም አልደፈረ። ሣጥኑን ሲያወርድ ግን ዓይኑን አንድ ጊዜ ወደ ጓሮው በር ሰዶ መለሰው። ለልጁ ተነግሮታል። እየመጣ ነው።

«ታዲያ ምነው እንዲህ ጭቃ በጭቃ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ለነገው ጥሩ መቆሚያ ስፈልግ ነው» አለ ፎቶ አንሺው።

«ሰው ነገር ሲወድ መከራውን አያይም ማለት ነው።»

እራት ቀረበ። የሰዓት እላፊው ጥሩምባ ከሰፈሩ በኩል ተነፋ። ሃምሳ አለቃው እጁን ወደ ሳህኑ ሰድዶ ሳለ ቆም አደረገና፣ «እናቴ፣ ጓሮው እኮ አልተቀረቀረም» አለ። «ጥሩምባ ተነፍቶ ክፍት በር ከተገኘ ቅጣት አለው። ልዝጋው?»

«ብላ አንተ፤ እኔ እዘጋዋለሁ። የዕቃ እጣቢ የምደፋው አለኝ።»

እጣቢውን አንሥታ ደፋች። ተመልሳ ሌላ ዕቃ አጠበች። ያንንም ደፋች። ጓሮው ደንገዝገዝ ብሏል፤ ከአጥሩ ወዲያ የረግረጉ እንቁራሪቶች ይጮሃሉ። በየጊዜው ጆሮዋን ትሰጣለች። ሦስተኛ ልትወጣ ስትል ሃምሳ አለቃው ሳቀ። «ይኼ ቤት ከሠራዊቱ ይልቅ ዕቃ ያጥባል!» አለ። ፎቶ አንሺው ሊስቅ ሞከረ፤ ትን አለው።

በዚያች ቅጽበት ነው እንቁራሪቶቹ ዝም ያሉት። ቀጥሎ አጥሩ አካባቢ እንጨት ቀጭ አለ። ከዚያ በሩ ላይ፣ ከታች በኩል፣ አንድ ነገር በቀስታ ጫረ።

ሃምሳ አለቃው ማኘኩን አቆመ። እጁ ወደ ጠብመንጃው ሄደ።

አራሚዋ ቀደመችው። ምን እንደምትል ሳታስብ በሩን ገርበብ አድርጋ በክፍተቱ መሐል ቆመች፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘረጋችው።

ልጇ ከፊቷ ቆሟል። ከስቷል፤ ጢም አብቅሏል። ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ያ ጆሮው በቀረችው የሰማይ ብርሃን ጠርዝ ጠርዙ ቀልቶ፣ ሳቅ አለና «እ…» ብሎ ሊጠራት አፉን ከፈተ።

«ሂድ ከዚህ!» ብላ ጮኸች።

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ምንድን ነው?» አለ ሃምሳ አለቃው ከጀርባዋ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች።

«ውሻ ነው! የሰፈር ውሻ ነው፤ አመድ ለምዶ!» ከምድጃው ጥግ የእንጨት ፍላጭ አንሥታ እግሩ ሥር ወረወረች። «ሂድ ብዬሃለሁ! ዳግመኛ ደጄ እንዳላይህ!»

ልጁ አልገባውም። አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ። ትንፋሹ ፊቷ ላይ ደረሰ።

አራሚዋ አንገቷን ወደ ውስጥ ብቻ መለስ አድርጋ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች። «አይ ሃምሳ አለቃ! ነገ ሻለቃው ረግረጉን በሰው ሲሞላው እነዚህ ውሾች ሁሉ የት ሊገቡ ነው? አንተም እዚህ አድረህ፣ እሱም እዚያ መጥቶ! ከወዲሁ ወንዙን ቢሻገሩ ነው የሚሻላቸው!»

ሃምሳ አለቃው ከት ብሎ ሳቀ። «ለውሻም የሰዓት እላፊ ይነገረዋል እንዴ እናቴ?»

ያ የማያውቀው ወፍራም ሳቅ ልጁን ባለበት ገተረው። ዓይኑ ከእናቱ ፊት ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ ክፍተቱ ሄደ። የጠብመንጃውን አፈሙዝ አየ። ወዲያው ያ የለመደው ነገር መጣበት፤ ትንፋሹን ዋጠ፣ ዓይኑን አላርገበገበም፣ ሐውልት ሆነ።

አሁን አይደለም፣ አለች በልቧ። አሁን ሩጥ።

«ምስኪን፣ ርቦት ይሆናል» አለ ሃምሳ አለቃው። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲደላደል ተሰማት። «ቁራሽ ይጣሉለት።»

ፎቶ አንሺው ከጠረጴዛው ተነሣ። ገና ያልተቆረሰውን ዳቦ አንሥቶ ከጀርባዋ እጇ ውስጥ አኖረላት። ጣቶቹ በረዶ ነበሩ። ዳቦውን ወርውራ አልጣለችውም፤ እጇን ወደ ጨለማው ዘረጋች፤ ሁለት እጆች ተቀበሏት። ለአንድ አፍታ ጣቶቿን ጭምር ያዙ። ከዚያ ለቀቁ።

«ሙሉውን?» አለ ሃምሳ አለቃው ተገርሞ። «ኧረ እናቴ፣ እንዲህ ካበሉትማ ነገም ይመለሳል።»

«አይመለስም» አለች።

ዳናው አጥሩ ጋ ደረሰ፤ እንጨቱ ቀጭ አለ። ወደ ታች፣ ወደ ረግረጉ ይሁን፣ ወደ ግራ፣ ወደ ወንዙ ይሁን፣ ጆሮዋን አሹላ ለመለየት ሞከረች። እንቁራሪቶቹ ቀስ በቀስ ጩኸታቸውን ጀመሩና ሁሉንም ዋጡት።

«ብርድ ገባ» አለ ፎቶ አንሺው። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

አራሚዋ በሩን ገጠመችው። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አሳርፋ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለ ሰው እንዲሰማው አድርጋ መወርወሪያውን እስከ ጫፉ ገፋችው።